ገደምሳና የአርሲ ተራሮች

በ1969 ዓ.ም. በተቀረጸው የኢትዮጵያ ዐሥር ሳንቲም ላይ ቀንደ ጠምዛዛ የዱር እንስሳ ይታያል። እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት ደጋዎች ብቻ ናቸው። ሳንቲሙን ያልያዘ እጅ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ የእንስሳው የጽሑፍ ታሪክ በአርሲ ምድር መጀመሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በ1908 እ.ኤ.አ. ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው ደጋ አንድ አጋዘን ገደለ። በ1910 የሥነ እንስሳት ሊቁ ሪቻርድ ሊዴከር እንስሳው በሳይንስ ያልተመዘገበ ዝርያ መሆኑን ገልጾ በአዳኙ ስም ሰየመው። አዲስነቱ ግን ለለንደን እንጂ ለአርሲ አልነበረም። የአገሩ ሕዝብ አስቀድሞ «ገደምሳ» ይለው ነበር። ቀይ ቀበሮንም «ጀዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ ብሎ ሰይሞታል፤ ልትወልድ የተቃረበች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ይጠባበቃልና። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ከአውሬው ጋር ዘመን ያሳለፈ እረኛ ነው።

የአሰላ ከተማ የተቆረቆረችው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ ሲወጡ እርሻው ያበቃና አስታ ይከተላል፤ ከዚያም በላይ ጅብራ በውርጩ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጭላሎ፣ ገለማና ካካ የውሃ ጎተራዎችም ናቸው። የከታር ወንዝ ከእነርሱ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል የሚፈሰው ደግሞ ወደ ዋቤ ሸበሌ ያመራል።

የአርሲና የባሌ ዕጣ የተለያየው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሌስሊ ብራውን የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በባሌ ተራሮች አጋዘኑን ካጠና በኋላ፣ በ1970 የባሌ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። በአርሲ ግን በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ትራክተር ገባ፤ አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ተባለች። በ1984 የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተከፈተ። ይህ ልማት ብዙ ሕዝብ መግቧልና እንጀራን የሚነቅፍ አይኖርም። ሆኖም ማረሻው ሽቅብ ወጣ፤ አስታው ለማገዶ ተቆረጠ፤ የአጋዘኑም መሸሸጊያ ጠበበ። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከባሌው በአርባ ዓመት ዘግይቶ ነው። የባሌው በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዛሬ የደጋ አጋዘን ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። በአርሲና በባሌ፣ እንዲሁም በሌሎች ደጋዎቻችን ያለው ቀይ ቀበሮ ሁሉ ቢቆጠር አምስት መቶ አይሞላም ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው በገበሬውና በአውሬው መካከል መፍረድ አይደለም። የቆላውን ማሳ የሚያጠጣው ውሃ የሚመነጨው አጋዘኑ ከሚሸሸግበት ጫካ ነው፤ ጫካው ከተራቆተ ገበሬውም አብሮ ይጎዳል። ተራራውን ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግ ሁሉ የእረኛውን ዕውቀትና የገበሬውን ጎተራ አብሮ ካላሰበ ከወረቀት አያልፍም። ገደምሳን በሳንቲም ላይ መቅረጽ ቀላል ነበር፤ በተራራው ላይ ማኖር ግን የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።