ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት እስከ ካይዘን፦ የንግድ መጽሐፍ በምን ይመዘናል?

ካርቱም ያለን ነጋዴዎች ዕቁብ በጣልን ቁጥር ከገንዘቡ ጋር መጽሐፍም እናዞራለን። በእጃችን ካለፉት ብዙዎቹ ንግድን ስለ ማሳደግ የተጻፉ ትርጉሞች ናቸው፤ ምክራቸውም አንድ ነው፦ ገንዘብ ቤት አታስቀምጥ፣ ባንክ አስገባ፣ ተበደር፣ አስፋ። እኛም ሰማን። እ.ኤ.አ. በ2018 የሱዳን ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው የገዛ ገንዘባችንን ለማውጣት ከንጋት ጀምሮ ተሰለፍን። ገበያው ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አወጣ፤ በጥሬ ገንዘብ አንድ፣ በቼክ ሌላ፣ የቼኩም ይበልጥ ነበር። ከመካከላችን ሁለታችን የቡና ጭነት አመለጠን። መጽሐፉን መልሰን ብናገላብጠው ባንክ ገንዘብህን ላይሰጥህ ይችላል የሚል አንድ ገጽ አጣንበት።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከልብ ያነበብነው ያን ጊዜ ነው። ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ አውሮፓ ተምሮ፣ እንደኛው ወደ ሱዳንም ተሰዶ፣ ኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ጉምሩክ ላይ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዓይኑ ያየ ሰው እንደ ጻፈው ያስታውቃል። ሀብት ከዕውቀትና ከሥራ ይመጣል ይላል፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት እንደሚቀበልም ያስረዳል።

የኛው መንገድ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1894 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ በሱዳን የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው ወደ ካርቱም ይወርዱ፣ ሲመለሱ ጨርቅና ጨው ያመጡ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። እኛም ዛሬ በመተማ በኩል ቡናውን በጆንያ እናስገባለን፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ሲሸጥ ግን ትርፉ የሌላ ነው።

እርግጥ ነጋድራስ ሱቅ እንዴት እንደሚደራጅ አይነግሩንም፤ ምክራቸው ለመንግሥት ነው። በዚህ በኩል ጃፓናዊው ማሳኪ ኢማይ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው የካይዘን መጽሐፍ ይሻላል። አገር ቤት ካይዘን የገባው አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓንን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ፋብሪካዎች ሙከራው ሲጀመር ነው፤ ኢንስቲትዩቱም በ2011 ተቋቋመ። የወደድነው ብድር ስለማይጠይቅ ነው። ማጣራትና ማስቀመጥ የሚሉትን ብቻ መጋዘናችን ውስጥ ሞከርን፤ ከታች የተቀበረ፣ ነቀዝ የጀመረው የዓምና በርበሬ ተገኘ። አዲሱን ከላይ ስንጭንበት ኖረናል! አሁን ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል።

ቢፒአርን ግን እንጃ። ሐመርና ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ነባሩን አሠራር ትታችሁ ከባዶ ወረቀት ጀምሩ ይላሉ። አገር ቤት መሥሪያ ቤቶች ሲሞክሩት ያየን ሁሉ የስብሰባውን ብዛት አንረሳውም። የኛ ነባር አሠራር የዱቤ ደብተር ነው፤ በዚያ ላይ ያሉት ስሞች ባንክ ሲዘጋብን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ያቆሙን ደንበኞች ናቸው። ባዶ ወረቀት እነሱን አያውቃቸውም።

ስለዚህ አሁን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈልገው ስለ ገንዘብ ለውጥ፣ ስለ ኬላና ስለ መንገድ ምን እንደሚል ነው። ቀጥለን ያለ ብድር ነገ ጠዋት የምንሞክረው ነገር እንዳለበት እናያለን። ሁለቱንም ያጣ መጽሐፍ ዕቁብ ላይ አይዞርም። የነጋድራስ መጽሐፍ አሁን ደይም ያለችው እህታችን ዘንድ ነው፤ ስትጨርስ ለጅሬፎቹ ታስተላልፋለች።