አንድ ጣሪያ፣ ብዙ ጎታ

ዳታቤዝ በአማርኛ «የውሂብ ጎታ» ተብሏል። ስሙ ለመራዊና ለቡሬ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ የጤፉ ጎታ ሌላ፣ የበቆሎው ሌላ፣ የዳጉሳው ሌላ ነው። አንዱ ቢነቅዝ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ቤቱ ከተቃጠለ ግን ሁሉም አብሮ ይነዳል።

ኮምፒውተር እጅግ ውድ በነበረበት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአይቢኤም መሐንዲሶች አንዱን ማሽን ከፋፍለው እንደ ብዙ ማሠራት ጀመሩ። በ1972 ቪኤም/370 ወጣ፤ በ1999 ቪኤምዌር ዘዴውን ወደ ተራው ኮምፒውተር አመጣው። ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ይህም ላያስፈልግ ይችላል። አንዱ ማይኤስኪውኤል በፖርት 3306 ሲሠራ፣ ለሁለተኛው 3307 እና የራሱ የውሂብ ፎልደር ከተሰጠው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ፎልደሩን ከተጋሩ ግን ውሂቡ ሊበላሽ ይችላል።

በጀት ለሚያጥረው መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ፣ ዲስኩ ሲሞት ሁሉም አብረው መሞታቸው ነው።

እዚህ ላይ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ያስተምራል። ሥራው በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መዝገቡ በጽሕፈት ቤት ተቀመጠ፣ የይዞታ ደብተሩ ደግሞ በገበሬው እጅ ገባ። መዝገቡ ቢጠፋ ደብተሩ ይመሰክራል፤ ደብተሩ ቢቀደድ መዝገቡ አለ። መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መረሳት የሌለበት ይህ ብልሃት ነው። በአንድ ማሽን ላይ የተደረደረ ሦስት ሰርቨር ሦስት መጠባበቂያ አይሆንም።

ከቃጠሎ በኋላ የሚዘራው፣ ዘሩን ሌላ ቤት ያኖረ ነው።