የድርጅታችሁ ፎቶና ቪዲዮ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው? ክላውድ ላይ እንዲህ አስቀምጡት

ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በ2006 ዓ.ም፣ የደቡብ ሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠራ ማኅበር ፎቶ የሥራ ማስረጃም የማኅበረሰቡ ታሪክም ነው። ሁሉም በአንድ ልጅ ስልክ ላይ ከሆነ ግን ስልኩ የጠፋ ቀን ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

ክላውድ ማለት ፋይልን በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። ለጀማሪ ማኅበር እነዚህን 6 ነጥቦች እንመክራለን፦

1. አካውንቱ የማኅበሩ ይሁን
በግለሰብ ጂሜይል አትጀምሩ፤ ሰውየው ሲለቅ ፋይሉም ይሄዳል። ጎግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ከነፋይሉ ሊሰርዝ ይችላል። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ 2 ኃላፊዎች ይያዙት።

2. መርጣችሁ ጫኑ
ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጂቢ ለድራይቭ፣ ለጂሜይልና ለፎቶ በጋራ ነው። ከ40 ተመሳሳይ ፎቶ 3ቱ ይበቃሉ።

3. ስም ስጡት
ቀን፣ ቦታ፣ ሥራ፦ «2017-05-12-ትየርኪዲ-ችግኝ-01»። ስልክ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ አንዱን መርጣችሁ ሁሌም እሱን ተጠቀሙ። ካልሆነ የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል።

4. ጥራቱን ጠብቁ
በቴሌግራም «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ጥራቱ ይቀንሳል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ በነፃ አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ይሄዳል።

5. የሰው ፊት አደራ ነው
ከጦርነት የሸሸ ሰው እዚያ የቀረ ቤተሰብ ሊኖረው ይችላል። የት እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ እሱንም ቤተሰቡንም አደጋ ላይ ይጥላል። ከማንሳታችሁ በፊት በሚገባው ቋንቋ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም ከፎቶው ጋር መዝግቡ። የካሜራውን የሎኬሽን መመዝገቢያ አጥፉ፤ «ፋይል» ተብሎ የተላከ ፎቶ ይህን መረጃ ይዞ ይሄዳልና። ፎልደሩን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይየው» ብላችሁ አትተዉት፤ ለሚመለከታቸው ሰዎች ብቻ በኢሜይላቸው ክፈቱ። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት።

6. ክላውድ ብቻውን አይበቃም
ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ሰውም ይሳሳታል። ከድራይቭ የተሰረዘ ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። በወር አንዴ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡና ከቢሮ ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

ለማኅበራችሁ ፎቶ አንሺ ሼር አድርጉለት።