በድረ ገጽ የሚቀርቡ የአገልግሎት ውሎች ተጠቃሚውን የሚያስገድዱት መቼ ነው?

በሰሜን ሸዋ ዞን የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዓለም ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ሠራተኛ የኢሜይል አድራሻ ሲከፍት ወይም በኢንተርኔት ዕቃ ሲገዛ «እስማማለሁ» የሚል ምልክት እንዲነካ ይጠየቃል። ከምልክቱ በስተጀርባ ብዙ ገጽ የሚይዝ የአገልግሎት ውል ይገኛል። ውሉ ተጠቃሚውን የሚያስገድደው መቼ እንደሆነ ለመረዳት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መመልከት ያስፈልጋል።

የሕጉ አንቀጽ 1681 ስምምነት በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም ፈቃደኝነትን ያለጥርጥር በሚያሳይ ድርጊት ሊገለጽ እንደሚችል ይደነግጋል። ዝምታ ግን በመርህ ደረጃ እንደ መቀበል አይቆጠርም። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በአንቀጽ 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ውል በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመፈጸሙ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል።

ይሁን እንጂ አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ጠቅላላ የውል ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው፣ ይኸኛው ወገን አውቆ ከተቀበለው ወይም ሁኔታው በመንግሥት ባለሥልጣን የተወሰነ ወይም የጸደቀ ከሆነ እንደሆነ አንቀጽ 1686 ያመለክታል። በመሆኑም ምልክት ነክቶ የተስማማና ውሉን ለማንበብ ዕድል የተሰጠው ሰው «አላነበብኩም» በሚል ምክንያት ብቻ ከግዴታው ማምለጥ ይቸግረዋል። ውሉ በገጹ ግርጌ ተደብቆ ከቀረበ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በኔትስኬፕ ኩባንያ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን ሲያወርዱ ከማውረጃው ምልክት በታች ተሰውሮ የነበረው ውል እንደማያስገድዳቸው አረጋግጧል።

ተጠቃሚው ሌሎች መከላከያዎችም አሉት። ግልጽ ያልሆነ ቃል ባዘጋጀው ወገን ላይ ይተረጎማል። የሌላውን ችግር፣ የዋህነት ወይም የንግድ ልምድ ማነስ መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ውል ፍትሕ በሚጠይቅበት ጊዜ በአንቀጽ 1710 መሠረት ሊፈርስ ይችላል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንቀጽ 1724 የመንግሥት አስተዳደርን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በመሥሪያ ቤት ስም «እስማማለሁ» የሚል ሠራተኛም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ስለሆነም ምልክቱን ከመንካቱ አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቱን የሕግ ክፍል ማማከርና የውሉን ቅጂ በመዝገብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል።