የአኮ እንግዳ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፣ ወዳጆቼ። ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፣ ላውጋችሁ።

ያኔም ሐምሌ ነበር። ከአዲስ አበባ አስኮ መናኸሪያ ተሳፈርንና ቡራዩን ለቀን፣ ሆለታን አልፈን፣ ከዚያ ምኒልክ ከተማቸው ሊያደርጓት አስበው ኋላ ቤተ መንግሥቱን ለማርያም የሰጡባትን አዲስ ዓለምን በጉም መሀል አየናት፤ ከዚያ አዋሽ የሚመነጭበት ጊንጪ አካባቢ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። ዋልካው ጠጥቶ ጠግቦ የቀረውን አስፋልቱ ላይ ለቀቀው፣ ሹፌራችንም እንደ ሽማግሌ በቀስታ ነዳ፣ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነችውም መንገድ ቀኑን በላችውና አምቦ ስንገባ መሽቷል።

ፍል ውሃው አጠገብ ሆቴል ያዝ ያላለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሆቴል ያደረ ሰው አልጋ አየ እንጂ አገር አላየም ባይ ነኝ። በሰው በሰው አጠያይቄ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ሰፈሩ ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔም አኮ አልኳቸው።

እንቅልፉንስ ተዉት። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲደበደብ አደረና ገና አባራ ስል ቅዳሜ ነጋ፣ ጤፍ የጫኑ አህዮች በመስኮቴ ሥር እየተጋፉ አለፉ፣ ከኋላቸው ባጃጁ፣ ከባጃጁ ኋላ ዶሮ በእግሯ አንጠልጥላ ከመንገድ ማዶ ሰው የምትጣራ ሴት። ተነሥቼ በሩን ብከፍት ጫማዬ የለም።

ተሰረቅሁ አልኩ፣ አልዋሻችሁም። ለካስ የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጭቃውን በእንጨት ፍቆ አጥቦ፣ አፉን ወደ እሳቱ አዙሮ የአኮ ምድጃ ዳር አስቀምጦታል። ማን አዘዘህ ብለው፣ «እንግዳ አይደሉ?» አለኝና ሮጠ።

ያን ቀን ከሰዓት አኮ ቡና ቀላ ሠሩ። የቡናው ፍሬ ቅቤ ውስጥ ሲንጣጣ ሽታው አጥር ዘለለና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እኔ ባዶ እጄን ላለመግባት ጥቂት ጠርሙስ አምቦ ውሃ ገዝቼ ነበር። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ አገር የዞረውን ውሃ ማለት ነው። አኮ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩትና፣ «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ለአምቦ ሰው አምቦ ውሃ አመጣህ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንኩም መሰላችሁ? ጉደር ፏፏቴ ውዬ ብመለስ ባለ ሱቋ «የት ዋልክ?» ትላለች፣ ጫማ ጠጋኙ «አኮ ጠይቀውሃል» ይላል፤ ለእናቴ እንኳ ያልሰጠሁትን መልስ ለሰፈሩ ስሰጥ ሰነበትኩ።

ሰኞ ማለዳ አኮ ጭኮ ቋጥረው ሰጡኝ፣ ልጁም ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ካልተሸከምኩ አለ። አውቶቡሱ ላይ ልወጣ ስል ልጁ ቁልቁል እግሬን አየ። ጫማዬ እንደገና ጭቃ ለብሷል። ራሱን ነቀነቀ።