የጎደሉት ረድፎች

ቤዝቦልን ያወቅኩት በሜዳ ሳይሆን በዳታቤዝ ነው። ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ኤስኪውኤል የምለማመድበት ነጻ ዳታ ስፈልግ የላህማን ዳታቤዝን አገኘሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ የተጫወቱ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ቁጥር ሁሉ እዚያ አለ። አንድ ማታ ቢል ፑልሲፈር የሚባል ወርዋሪ ፈለግኩ። የመጀመሪያው ረድፍ 1995 ይላል፣ ኒውዮርክ ሜትስ። ቀጣዩ ደግሞ 1998። ኮዴን ተጠራጥሬ ደጋግሜ አስኬድኩት። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ ሁለቱ ዓመታት እውነትም የሉም።

የት ሄዱ ብዬ ሳነብ አንድ ሙሉ ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ክንዱ እስኪያገግም ለቀናት ያርፋል። ስለዚህ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጀማሪ ወርዋሪዎች ይዞ በተራ ያሰልፋል። ወርዋሪው መቺውን በሦስት ስትራይክ ሲያስወጣው ደግሞ መዝገቡ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ይጻፋል። በ1996 የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ሜትስ ሦስት ወጣት ወርዋሪዎች ነበሩት፤ «ጄኔሬሽን ኬ» የሚል ስም ወጣላቸው።

ግራኙ ፑልሲፈር ገና 22 ዓመቱ ነበር። ፖል ዊልሰን በ1994ቱ የተጫዋቾች ምርጫ ከመላው አገሪቱ 1ኛ ሆኖ የተመረጠ ነው። ጄሰን ኢዝሪንግሃውዘን ግን የተመረጠው በ44ኛው ዙር ነው፤ ማለትም ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። እሱ ግን በ1995 አጋማሽ ወደ ዋናው ሊግ አድጎ 9 ጨዋታ አሸነፈ፣ 2 ብቻ ተሸነፈ።

ደጋፊው ተስፋ ማድረጉ አያስገርምም። ሜትስ በ1993 ብቻ 103 ጨዋታ ተሸንፏል። በሌላ በኩል በ1969ም በ1986ም ሻምፒዮን የሆነው በወጣት ወርዋሪዎች ክንድ ነበር። በቃ፣ ታሪክ ራሱን ሊደግም ነው ተባለ።

አልደገመም። ዓመቱ ሳይገፋ የፑልሲፈር የክርን ጅማት ተበጠሰና «ቶሚ ጆን» የሚባለው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስሙ የመጣው ከወርዋሪው ቶሚ ጆን ነው፤ በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው በግራ ክርኑ ተክለውለት ነበር። ዊልሰን በዚያው በ1996 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፤ ከዚያ ትከሻው ተጎዳ፣ የእሱም ረድፍ ከ1996 ወደ 2000 ይዘላል። ኢዝሪንግሃውዘን በቀዶ ጥገናዎቹ ላይ በ1997 የሳንባ ነቀርሳ ተጨመረበት፤ እሱ ደግሞ 1998 የለውም። ሦስቱ በአንድ የሜትስ ተራ ውስጥ አንድም ጊዜ አብረው አልተሰለፉም።

ወደ ዳታው ስመለስ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። ፑልሲፈር በ1994፣ በ20 ዓመቱ፣ በታችኛው ሊግ 201 ኢኒንግ ወርውሯል። በ1995 ደግሞ እሱም ኢዝሪንግሃውዘንም የታችኛውና የዋናው ሊግ ሲደመር ከ200 በላይ ወረወሩ። የላህማን ሠንጠረዥ የሚቆጥረው ዋናውን ሊግ ብቻ ስለሆነ ይሄ ድካም እዚያ አይታይም። ጉዳቱን ያመጣው ይሄ ብቻ ነው አልልም፤ የሰው ክንድ በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ግን ሁሉም «ኬ»ውን ሲቆጥር ክንዱ የተሸከመውን ማን ቆጠረ? ዛሬ ቡድኖች የወጣት ወርዋሪን ውርወራ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ያም ሆኖ ክርን መበጠሱ አልቀረም።

እኛም ሰፈር ይሄ አለ። «ጎበዝ ልጅ ነው» የተባለ ጀማሪ ዲቨሎፐር ላይ ነው ሥራው የሚቆለለው። እኔም ተቆልሎብኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር የተሸከምኩት፣ መመረጥ መስሎኝ።

ኢዝሪንግሃውዘን ግን ተመለሰ። ጨዋታ መጀመሩን ትቶ መጨረሻ ላይ ገብቶ የሚዘጋ ወርዋሪ ሆነ። በ2011 ፣ በ38 ዓመቱ፣ መሪነት አስጠብቆ የጨረሰው ጨዋታ 300 ሲሞላ የለበሰው የሜትስን ማሊያ ነበር። እዚያ የደረሰው በየተራው አንድ ኢኒንግ ያህል ብቻ እየወረወረ ነው።