በቧንቧ ግድግዳ አጠገብ የሚፈጠር የተናወጠ ፍሰት፦ መንስኤውና ውጤቱ

የተናወጠ ፍሰት የሚባለው ፍጥነቱና አቅጣጫው በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ፣ ትናንሽና ትላልቅ አዙሪቶች የሚታዩበት የፈሳሽ ወይም የጋዝ እንቅስቃሴ ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ጥናት፣ በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ የተለቀቀ ቀለም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን እንደ ክር ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ፣ ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን ተበትኖ እንደሚደባለቅ አሳይቷል። በዋና ዋና የውሃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ውስጥ የሚገኘው ፍሰት በአብዛኛው የተናወጠ ነው።

ግድግዳውን የነካው ውሃ አይንቀሳቀስም፤ ጥቂት ራቅ ያለው ግን በፍጥነት ይጓዛል። ንውጠቱ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው። በግድግዳው አጠገብ ቀርፋፋና ፈጣን የውሃ ሰንበሮች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸውም አዙሪቶች ይሽከረከራሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። መንስኤን ለመለየት አንዱን አስወግዶ የሌላውን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል።

ኻቪየር ሂሜኔዝና አልፍሬዶ ፒኔሊ እ.ኤ.አ. በ1999 በኮምፒውተር ስሌት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከግድግዳው ርቆ የሚገኘውን ንውጠት ሲያስወግዱ በግድግዳው አጠገብ ያለው ቀጠለ። ሰንበሮቹ ወይም አዙሪቶቹ እንዳይፈጠሩ ሲደረግ ግን ፍሰቱ ጸጥ አለ። ከዚህ የምንረዳው አዙሪቶች ሰንበሮችን እንደሚፈጥሩ፣ ሰንበሮቹም ሲናጉ አዲስ አዙሪቶችን እንደሚወልዱ ነው። ፍሰቱ እጅግ ሲበረታ ግን ከግድግዳው የራቁ ትላልቅ አዙሪቶችም ተጽዕኖ ያሳድራሉ።

ይህ ዑደት ፈጣኑን ውሃ ወደ ግድግዳው ስለሚያመጣ ሰበቃው ይጨምራል። ጸጥ ባለ ፍሰት የውሃው መጠን በእጥፍ ሲያድግ የግፊት ብክነቱም በእጥፍ ያድጋል፤ በተናወጠ ፍሰት ግን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ለፓምፕ የሚያስፈልገው ኃይልም ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል።

ዑደቱን ማዳከም እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። በአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ረጃጅም ሞለኪውሎች ያሉት ፖሊመር በጥቂቱ እየተጨመረ ሰበቃው እንዲቀንስ ተደርጓል። በውሃ መስመር ረገድ ዋነኛው አማራጭ ተገቢውን የቧንቧ ስፋት መምረጥ ነው፤ የውሃው መጠን ሳይለወጥ የውስጥ ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢሰፋ የግፊት ብክነቱ ወደ 1/32 ገደማ ይወርዳል። በመሆኑም በንድፍ ወቅት ለቧንቧ የሚወጣው ወጪ፣ ፓምፑ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከሚፈጀው ኃይል ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባል።